በሃያኛው ቀን የተነሣ ፎቶ

ኅዳር 12፣ 2017

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ከሁሉ በፊት ልጻፈውና ይውጣልኝ። የባሌ እህት የኤሌኒ ልጅ የምትባለው ጸደንያ የእኔ ልጅ ናት። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ወልጄ ሰጠኋት። ከእኔና ከኤሌኒ ሌላ የሚያውቀው ባሌ ማሞ ብቻ ነበር። እሱም ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው።

ይህ ደብተር ለዕድር ስም መመዝገቢያ የተገዛ ነበር። ዛሬ ጸደንያ መጥታ ከሄደች በኋላ ግን እጄ ሌላ ነገር ጻፈ።

«ትሩዬ፣ ቤትሽን እስከ ገና አከራዪኝ» አለችኝ። ፊልም ልትሠራ ነው። ሀና ማርያም ውስጥ ከነግቢው የቀረ የጭቃ ቤት የእኔ ብቻ ነው አለች፤ ዙሪያውን ሁሉ ፎቅ በልቶታል።

«ምን ዓይነት ፊልም ነው?»

«ኮሜዲ። አንዲት ተማሪ ታረግዝና ልጁን ለማን እንደምትሰጥ ባልና ሚስት ስታማርጥ። በሳቅ ነው የምትሞቺው!»

እሺ አልኳት። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ከእኔ አንድ ነገር ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው።

አንድ ነገር ልወስን። ፊት ለፊት «እትዬ ኤሌኒ፣ እርስዎ» እላታለሁ፤ ቤቷ ሠራተኛ ሆኜ ስገባ የተማርኩት አንደበት አልለቀቀኝም። እዚህ ደብተር ላይ ግን ኤሌኒ ናት። አለቀ።

ኅዳር 16

መጡ። ጀነሬተር። ኬብል በየደጃፉ። ጫማ የሚያወልቅ የለም። ሁሉም «ማዘር» ይሉኛል።

ካሜራ የሚይዘው ሚሳኤል ግድግዳዬን እየዳሰሰ «ማዘር፣ ይሄ ስንጥቅ ኦሪጅናል ነው? እኛ ብንሠራው ሁለት ሳምንት ይፈጅብን ነበር» አለኝ። ማሞ በየዓመቱ ይለስነው የነበረው ስንጥቅ ነው።

የጎረቤቴ የደራርቱ ላም «ዝም በሉ፣ ቀረጻ!» ሲባል ጠብቃ ትጮኻለች። አራት ጊዜ አስቆመቻቸው። ደራርቱ ከአጥሩ ወዲያ «ካስገባችኋት ለእሷም ይከፈላታ!» አለች።

ያረገዘችውን ተማሪ ሆና የምትሠራው ሌንሳ የምትባል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። ሆዷ ላይ ያሰሩላት የእኔን ትራስ ነው። ማምሻውን መለሱልኝ። እሱኑ ተንተርሼ ተኛሁ።

ኅዳር 18

ኤሌኒ መጣች፤ ጸደንያ እጇን ይዛ። የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሸፍኖባታል፤ ሐኪሞቹ ስኳርሽ ካልወረደ አንነካሽም ብለዋታል። ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚታያት የለም። የሐኪም ወረቀት፣ የስልክ መልእክት፣ የፊልሙን ጽሑፍ ሳይቀር የምታነብላት ጸደንያ ናት። ለሌላ ሰው አታስነብብም፤ ሰው ገመናዬን ያውቃል ትላለች።

ወንበር አመጣሁላት።

«አንቺ ትሩፋት፣ ይሄ ቤት አሁንም ይሸታል?»

«ምን ይሸታል እትዬ?»

«እኔ እንጃ። ድሮ ይሸት ነበር።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ?

ያኔ ማንበብ የማልችል እኔ ነበርኩ። ጸደንያን የሰጠሁበትን ወረቀት ኤሌኒ አነበበችልኝና አውራ ጣቴን ይዛ ቀለሙ ላይ ጫነችው። የተጻፈው ያነበበችልኝ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊደል ራሴን ያስተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዕቃ በሚጠቀለልበት ጋዜጣ፣ በማሞ የትምህርት መጻሕፍት፣ ታክሲ ውስጥ በሚለጠፍ ጥቅስ። አሁን የማላነበው የለም።

እሷ ደግሞ አሁን አታነብም። ደስ አለኝ ብዬ አልጽፍም። ጾም ነው።

ኅዳር 20

ማድ ቤት ለልጆቹ ድንች እየላጥኩ ነበር። ከሳሎን የሌንሳ ድምፅ መጣ፦

«ልጁን ውሰጂ፣ ወንድምሽን አምጪ!»

ብቅ ብዬ አየሁ። መልስ እንደቀረበት የታክሲ ተሳፋሪ እጇን ዘርግታለች። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሚሳኤል ካሜራውን ለቆ ሆዱን ይዟል።

ምሳ ላይ ጸደንያን «ይሄን ንግግር ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ማሚ ናት የነገረችኝ! ድሮ ጎፋ አንዲት የጎረቤት ሠራተኛ ነበረች አሉ፤ ልጇን ስትሰጥ በምትኩ ባል ስጡኝ ያለች። ማሚ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወራዋለች። ድምፅዋን ስታስመስል ብታያት ትሩዬ፣ ትሞቻለሽ!»

እንግዳ በመጣ ቁጥር።

ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ኤሌኒ ቤት ከምሳ በኋላ ለእንግዳ ስቀርብ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ደግሞም ልጅቷ እንዲህ አላለችም። እጇንም አልዘረጋችም። ጣቴን ቆረጥኩት፤ ትንሽ ነው።

ኅዳር 21

የጽዮን በዓል ነው። ቀረጻ የለም። ሀና ማርያም ሄጄ ቆምኩ። እመቤቴን «ኤሌኒን በሰው ፊት አዋርጂልኝ» አልኳት። እንዲህ ተብሎ አይጸለይም። ደግሜ ጸለይኩት።

ኅዳር 27

አገኘሁ።

ጸደንያ የሳሎኑ ግድግዳ ባዶ ሆነባት። ከኤሌኒ ቤት አንድ ካርቶን የድሮ ፎቶ አምጥታ ሰቃቀለችው። እነሱ ለምሳ ሲወጡ አንድ በአንድ አየሁት። አንደኛው የኤሌኒ የአክስቷ ልጅ ሰርግ ነው፤ ደብረ ብርሃን የተደረገው። ሥርዓተ ተክሊል፣ ሙሽሮቹ ካባ ለብሰው። ኤሌኒ ነጠላዋን አጣፍታ ከሙሽራዋ ጎን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ ጧፍ ይዛ ቆማለች። ፈገግ ብላለች። ገለበጥኩት። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፦ ጥር 13 ቀን 1982።

ጸደንያ የተወለደችው ታኅሣሥ 24 ቀን 1982 ነው። ይህን ለመቁጠር ጣት አያስፈልገኝም። በሃያኛው ቀን ነው።

ሴት ልጅ የወለደች ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ቤተ መቅደስ አትገባም። ይህን የማያውቅ የለም። ኤሌኒም ታውቃለች፤ ግን አካሏ አራስ አልነበረማ፣ በምን ታስታውሰው? ሆዷ ባዶ፣ ወገቧ ጤነኛ። አምራ ገባች። ሰርገኛው መውለዷን ገና አልሰማም ነበር። ጎፋ ያሉት ጎረቤቶቿ ደግሞ ሰርግ መሄዷን አልሰሙም፤ የሚያውቁት እኔን አስከትላ፣ ልጅ ፍለጋ ለወራት ጠበል መቀመጧን ብቻ ነው። ከጠበል ሕፃን ታቅፋ ስትመለስ እልል አሉላት።

እኔ ግን ሰማንያውን ቀን ሙሉ፣ ልጄን ከተቀበለችኝም በኋላ፣ ከአጥሩ ውጭ ነው ያስቀደስኩት። ጸደንያ ክርስትና ስትነሣም ከበሩ ውጭ ነበርኩ። «ነይ ግቢ እንጂ» ሲሉኝ «ጉንፋን ይዞኛል» አልኩ።

ፎቶውን አውርጄ ብብቴ ከተትኩት።

የማደርገውን አውቄዋለሁ። ቀረጻው ሲያልቅ፣ ሁሉም ተሰብስቦ፣ ኤሌኒም ባለችበት፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ፦ «ጸደንያ፣ አንቺ በተወለድሽ በስንተኛው ቀን ነው እናትሽ ቤተ ክርስቲያን የገባችው?» ከዚያ ፎቶውን እሰጣታለሁ። ጸደንያ የዘመኑ ልጅ ብትሆንም ይሄ አይጠፋትም።

ኅዳር 28

ፎቶው የት ገባ ብለው ግቢውን አመሱት። ትናንት በተቀረጸው ላይ ይታያል፣ ዛሬ ከሌለ አይገጥምም አሉ። ሚሳኤል «ላሟ ናት» አለ። ጸደንያ በቦታው የማሞን ፎቶ ሰቀለችው። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ ሴትዮዋ ወደ ማድ ቤት ስትሄድ ሰርግ የነበረው፣ ስትመለስ ባሌ ይሆናል።

ታኅሣሥ 3

ደራርቱ ወተቷን አድርሳ ቀረጻውን ስታይ ቆየች።

«ይሄ ምኑ ነው የሚደበቀው?» አለችኝ። «እኛ ዘንድ ጉዲፈቻ በአገር ፊት ነው። ሽማግሌ ይጠራል፣ ይመረቃል። ልጁ የወለደችውንም ያውቃል፣ ያሳደገችውንም። እኔ ራሴ በጉዲፈቻ ነው ያደግሁት። የወለደችኝ ሰርጌ ላይ ከሁሉ በላይ ጨፍራለች።»

«አልከፋትም?»

«ምን ይከፋታል? በየበዓሉ ሁለት ቤት ነበር የምበላው።» ሳቀች። ከዚያ ዓይኔን አየችው። «የከተማ ሰው ነገር ትደብቃላችሁ፤ ከዚያ ይሸታችኋል።»

«አንቺስ የከተማ ሰው አይደለሽም?»

«እኔ ምን አድርጌ? ከተማው ነው አባቴ ማሳ ላይ የመጣው።»

ታኅሣሥ 9

ኤሌኒ ዛሬም መጣች። ሻይ ጠየቀች። «ያለ ስኳር» አለችኝ፣ እንደማላውቅ። ማድ ቤት ገብቼ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመርኩ። አማሰልኩት። ደጃፉ ድረስ ይዤው ሄድኩ።

መለስኩት። ደፋሁት። ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አጠብኩ።

ጾም ስለሆነ ነው ልበል። እውነቱ ግን በስኳር ብትታመም ፎቶውን ሳታይ መቅረቷ ነው ያሳሰበኝ። ፎቶውን ማየት እንደማትችል የታወሰኝ ቆይቶ ነው።

ታኅሣሥ 15

ሌንሳ ትራሱን እንዳሰረች ማድ ቤት መጥታ ተቀመጠች። ያቺ «ልጁን ውሰጂ» የምትለው ንግግር አልሆነችላትም። ጸደንያ ለማስታወቂያው ስለምትፈልጋት መጨረሻ ላይ እንደገና ትቀረጻለች።

«ማዘር፣ እኔን ሲያስቀኝ አይገባኝም። አንዲት ልጅ ልጇን ሰጥታ ባል የምትጠይቀው ምን ብትሆን ነው?»

«ብትፈራ።»

«ምን ፈርታ?»

«ነገ ከበር ብትባረር የምትሄድበትን። አባቷ በሩን እንደማይከፍትላት። ደግሞም…»

«ደግሞ ምን?»

«ደግሞ ልጁን ወዳው ይሆናል። ወንድምየውን።»

ሌንሳ ትራሱን በሁለት እጇ ያዘችው። «ይሄማ ኮሜዲ አይደለም» አለች።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ «ልጅቷ» እያልኩ ነው። ያልኩት እኔ ነኝ። የልጄ አባት ማሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ ተማሪ። ኤሌኒ «ልጁን ለእኔ ስጪኝ፣ እኔ የምወልድ አልሆንኩም» ስትለኝ መሬት መሬት እያየሁ፣ እጄን ጀርባዬ ላይ አድርጌ፣ «ልጄን ይውሰዱ እትዬ፤ ወንድምዎን ይስጡኝ» አልኳት። በሁለተኛው ዓመት ሰጠችኝ። ቃሏን ጠብቃለች። ከዚያ በኋላ አልወለድኩም።

ታኅሣሥ 19

እንቅልፍ የለም። ከላይ ለማንም ያልነገርኩት ብዬ የጻፍኩት ሙሉ አይደለም። ኤሌኒም የማታውቀው አለ። ማሞም ሳያውቀው ሞቷል።

ኤሌኒ ለዚያ ሰርግ ስትሄድ ጠበሉ አጠገብ በተከራየነው ክፍል እኔንና ጨቅላዋን ትታን ሄደች። ሦስት ቀን። ለሦስት ቀን ጸደንያ ከጡቴ አልወረደችም። ኤሌኒ መሶቡ ላይ የመሳፈሪያ ገንዘብ ረስታ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሕፃኗን አዝዬ፣ ገንዘቡን ይዤ፣ አውቶቡስ ተራ ወረድኩ። አውቶቡሱ ሞተሩ ተነሥቷል። ረዳቱ «ነይ አራስ፣ ፊት ወንበር አለ» አለኝ። አንድ እግሬን መወጣጫው ላይ አደረግሁ።

ማሞ ትዝ አለኝ። ብሄድ ሌላ ያገባል አልኩ።

እግሬን አወረድኩት።

ገንዘቡን መሶቡ ላይ እንደነበረው አስቀመጥኩ። ኤሌኒ ስትመለስ ገንዘቡን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ልጄን ቀማችኝ እያልኩ ስንት ዓመት ጠላኋት። አሁንም እጠላታለሁ። እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

ታኅሣሥ 22

ነገ ያቺ ንግግር ትቀረጻለች። ኤሌኒ «የእኔን ቀልድ ሳልሰማማ አልቀርም» ብላለች። ፎቶው በብብቴ። ቀሚሴን ተኮስኩ።

ታኅሣሥ 23

በወጉ ልጻፈው።

ኤሌኒን መሐል ሳሎን፣ ከካሜራው ጀርባ አስቀመጡልኝ። ሌንሳ አሥራ አንድ ጊዜ አለችው። አንዴ ጮኸች፣ አንዴ ሳቀች፣ አንዴ አለቀሰች። ኤሌኒ «እንዲህ አይደለም! እጅሽን ዘርጊ እንጂ፣ እንደ ለማኝ!» እያለች ታርማታለች። ሌንሳ ወደ እኔ ዞረች፦ «ማዘር ይበሉት እስቲ። እሳቸው ያውቁበታል።»

ሚሳኤል «እውነት ማዘር፣ አንዴ!» አለ። ጸደንያ እየሳቀች ጎትታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ። «ሌንሳ እንድትሰማው ብቻ ነው ትሩዬ።»

ፎቶው ብብቴ ውስጥ ነው። ጥያቄዬ ምላሴ ላይ ነው። ጸደንያን አየኋት። ከዚያ ወደ ኤሌኒ ዞርኩ። እጄን ጀርባዬ ላይ አደረግሁ።

«ልጄን ይውሰዱ እትዬ፤ ወንድምዎን ይስጡኝ።»

ማንም አልሳቀም። የደራርቱ ላም እንኳ ዝም ብላለች። የኤሌኒ እጅ ብርጭቆውን ፍለጋ ጠረጴዛው ላይ ተንከራተተ። አላገኘውም።

«ይህን… ይህን አጥፉት» አለች። «ይሄ አያስቅም። ጸዲ፣ አጥፉት።»

ሚሳኤል በቀስታ «ተቀርጿል እኮ» አለ።

ጸደንያ እኔን ታያለች፤ እናቷን ታያለች፤ ግድግዳው ላይ የማሞን ፎቶ ታያለች። ከዚያ «ምሳ እንውጣ» አለች፤ አራት ሰዓት ነበር።

ኤሌኒ መኝታ ቤት አስገቢኝ አለችኝ። በሩን ዘጋሁ።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ለእንግዳ ምን እያልሽ ነው ስታወሪብኝ የኖርሽው?» አልኳት። አንቺ አልኳት። ከአንደበቴ ያለ ፈቃዴ ነው የወጣው።

ሰማችው። ፊቷ ተለወጠ። «ቀልድ ካላደረግሁት እንዴት ልኖርበት ነበር?»

«እኔ እንዴት ኖርኩበት?»

ፎቶውን አውጥቼ እጇ ላይ አደረግሁት። የደብረ ብርሃኑ ሰርግ ነው አልኳት፤ ቀኑን ነገርኳት። ጸደንያ ቀኑን መቁጠር ትችላለች አልኳት። በጣቷ ጠርዙን ዳሰሰችው። ትለምነኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ይህን ጊዜ ነበር ስጠብቅ የኖርኩት።

«ያንን ሰርግ ልሂድ ብዬ የሄድኩ ይመስልሻል?» አለችኝ። «መሶቡ ላይ ገንዘብ ትቼልሽ ነው የሄድኩት። ጡት ስታጠቢያት አይቼ፣ አፌ እምቢ አለኝ፤ ይዘሻት ሂጂ ማለት አቃተኝ። ስመለስ ቤቱ ባዶ ይሆናል ብዬ መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ነው የመጣሁት። አንቺ ግን ነበርሽ። ገንዘቡም ነበር።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ከዚያ ወዲያ ናቅሁሽ» አለች። «ስለዚህ ነው የሳቅኩብሽ።»

ፎቶውን ተቀበልኳትና ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ሌንሳ ንግግሩን እንደ እኔ አለችው። ጸደንያ «ይሄኛው ይገባል» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል። ከዚያ ወዲህ አላየችኝም።

ኤሌኒ ውሸቷን ይሆናል። የተረሳ ገንዘብን የተተወ ማድረግ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ቀላል ነው። ግን ስትመለስ ያየችኝን አስተያየት አስታውሳለሁ። ተናድዳ ነበር። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ለእሷ ብዬ የሳልኩት ቢላዋ እኔኑ ቆረጠኝ።

ታኅሣሥ 24

ቀረጻው አለቀ። የጸደንያ ልደትም ነው። የጾም ኬክ አምጥተዋል፤ ሚሳኤል ለደራርቱ ላምም ቆርሶላታል። ኤሌኒ ጥግ ላይ ተቀምጣ ወደ ድምፁ ዞር ዞር ትላለች። ጸደንያ ሁለታችንንም ስማናለች፤ ሁለታችንንም አልጠየቀችም። ግን አጠገቤ ስትቆም እጇን አየሁት። እጇን ጀርባዋ ላይ ነው ያደረገችው።

በሰው ፊት አልጠይቅም። ዝምም አልልም። ፎቶውን መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ማኅተሙ እንዲታይ አድርጌ አጣብቄዋለሁ። የአውቶቡስ ተራውን ገጽ ልቀድደው ነበር። አልቀደድኩትም።

አሁን ተነሥቼ ደብተሩን ኤሌኒ እጅ ላይ አስቀምጠዋለሁ። «ስለ አንቺ የጻፍኩት ነው» እላታለሁ፣ ሌላ አልጨምርም። ታቃጥለው ይሆናል። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ ምን እንደተባለባት ሳታውቅ ማቃጠል አትችልም። ለባዳም አታስነብብም። የሚያነብላት አንድ ሰው ብቻ ነው። ያም ሰው ገና በመጀመሪያው ገጽ፣ በሦስተኛው መስመር፣ ይቆማል።

ያኔ እሷ አነበበችልኝ፤ እኔ ጣቴን አሳረፍኩ። አሁን ልጃችን ታንብብላት። ይህን ደብተር የምትቀበለው ኤሌኒ ናት።